ስለ ጎረቤት ሐቅና ስለ ትዕግሥት

አንባቢ ሆይ፣ አላህ ይዘንልህና፣ ጎረቤትህ የውሻውን ዓይነ ምድር በደጅህ ባቆምከው የጥራጊ በርሜል ውስጥ ቢጥል ምን ታደርጋለህ? መልሰህ በደጃፉ ብትደፋው አንድ የነበረው ጥፋት ሁለት ይሆናል፤ ሁለተኛውም በአንተ ላይ ይጻፋል። ቂም ይዘህ ዝም ብትልም መልካም አላደረግህም፤ ዝምታ ሁሉ ትዕግሥት አይደለምና። ታጋሽ ማለት ሰላምታውን ሳያጓድል እውነቱን የሚናገር ነው።

ቅዱስ ቁርኣን በአን-ኒሳእ ምዕራፍ በ36ኛው አንቀጽ ለቅርብም ለሩቅም ጎረቤት በጎ እንድናደርግ ያዛል። አቡ ዳውድ እንደ ዘገቡት፣ አንድ ሰው ጎረቤቱ እንደሚያስቸግረው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቤት ባለ ጊዜ እንዲታገሥ አዘዙት። ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ በመጣ ጊዜ ግን ዕቃውን አውጥቶ በመንገድ ላይ እንዲያኖር መከሩት። አላፊ አግዳሚውም ነገሩን እየጠየቀ በደለኛውን ረገመው፤ እርሱም መጥቶ ዳግመኛ እንደማያስከፋው ቃል ገባ። እንግዲህ ትዕግሥት ይቀድማል፤ አቤቱታም አልተከለከለም፤ ነገር ግን በበደለኛው ላይ እጅ አልተነሣም፣ ንብረቱም አልተነካም።

ስለዚህ አስቀድመህ ለብቻው አግኝተህ በለሰለሰ ቃል ንገረው፤ ምናልባት የሚያስከፋህ አልመሰለው ይሆናል። ባይሰማህ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይዘህ ሂድ። በውሻው ላይ ግን አትቆጣ፤ ጥፋቱ የባለቤቱ ነው። የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ ነቢዩ ነግረውናል። በገበያ ሚዛኑን የሚያስተካክል ነጋዴ በደጁም ያስተካክል፤ የራሱን ሐቅ ሲጠይቅ የጎረቤቱን አይርሳ።

አላህ ጎረቤቶቻችንን ከእኛ ክፋት፣ እኛንም ከእነርሱ ክፋት ይጠብቅ። አሚን።