ስለ ተረፈ ክርና ስለ ምጽዋት

ሹራብ የሚሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንድ ሹራብ ተፈጽሞ እጅጌውና አንገቱ ከተገጣጠመ በኋላ፣ ለሌላ ሹራብ የማይበቃ፣ ለመጣልም የሚያሳሳ የሱፍ ክር ይተርፋል፤ ይህም ትራፊ ከዓመት ዓመት በዘንቢል ውስጥ ሲጠራቀም፣ ቀዩ ከአረንጓዴው፣ ቀጭኑ ከወፍራሙ ጋራ ተወሳስቦ ባለቤቲቱን አንድ ቀን «ይህን ለድኃ ልሥራበት» ያሰኛታል። በእንግሊዝና በሌሎችም ብርዳም አገሮች የሚኖሩ ብዙ ሴቶች፣ ጥቂት ወንዶችም ጭምር፣ ከእንዲህ ያለው ትራፊ ለሕፃናት ቆብ፣ ለስደተኛ የአንገት ልብስ፣ አራት ማዕዘን ቁራጮችንም እየሠሩ በማጋጠም ብርድ ልብስ አዘጋጅተው መስጠትን ልማድ አድርገውታል። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱ ግን ከጥያቄ አያድነውም። ሰው ለራሱ ከማይፈልገው ነገር ቆርሶ ለነዳያን ሲሰጥ፣ ስጦታው በእውነት ምጽዋት ነውን? ወይስ ቤቱን ከማጽዳት ያለፈ ምንም አላደረገም?

ጥያቄውን ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት ብንወስደው የመጀመሪያው ፍርድ የሚከብድ ይሆናል። ንጉሥ ዳዊት የኦርናን አውድማ ያለ ዋጋ እንዲወስድ በተለመነ ጊዜ፣ ምንም ያልከፈለበትን መሥዋዕት ለአምላኩ ማቅረብን ተጸይፎ፣ አውድማውንና በሬዎቹን በአምሳ ሰቅል ብር ገዛ፤ ነቢዩ ሚልክያስም ዕውሩንና አንካሳውን እንስሳ ወደ መሠዊያ የሚያቀርቡትን ካህናት፣ ያንኑ ለአገረ ገዢያቸው ቢሰጡት ይቀበላቸው እንደ ሆነ እየጠየቀ ገሠጻቸው። በዚህ ሚዛን ከተመዘነ የዘንቢሉ ክር ወደ መቅደሱ ደጅ እንኳ አይቀርብም።

ይሁን እንጂ ስለ ቃርሚያ የሚያዝዘውም ሕግ የሚገኘው በእነዚያው ቅዱሳት መጻሕፍት ነው። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 እንደምናነበው፣ ባለ እርሻው ሲያጭድ የእርሻውን ዳር ጨርሶ እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም እንዳይለቅም፣ ከወይኑም ቃርሚያ እንዳይሰበስብ፣ ለድኃና ለመጻተኛ እንዲተወው ታዟል። ልብ ብለን ብንመለከተው፣ በዚያ እርሻ ዳር የቀረው እህል ባለቤቱ የናቀው እንክርዳድ ሳይሆን፣ ወደ ጎተራው ከገባው ጋራ በአንድ ዝናም የበቀለ፣ በአንድ ፀሓይ የደረቀ መልካም ዛላ ነበር። በመጽሐፈ ሩት የምናገኘው ባለ እርሻ ቦዔዝማ ሕጉ ከጠየቀው አልፎ፣ አጫጆቹ ከታሰረው ነዶ ሳይቀር ሆን ብለው እየመዘዙ ለቃራሚዋ ለሩት እንዲጥሉላት፣ ስታነሣም እንዳይገሥጹአት አዘዘ። ሩት የለቀመችው ገብስ እንግዲህ ለሚያይ ሰው ትራፊ ይመስላል፤ በቦዔዝ ኅሊና ግን ከመውደቁ አስቀድሞ ባለቤት አግኝቶ ነበር። ለሹራብ ሥራ ክር በምትገዛበት ዕለት አንዱን ልቃቂት ለማታውቀው ሕፃን ራስ ለይታ የምታስቀምጥ ሴት የቦዔዝን ትእዛዝ ፈጽማለች ብል የሊቃውንት ተግሣጽ የሚያገኘኝ አይመስለኝም።

ብዙው ሰው ግን አስቀድሞ አላሰበም፤ ክሩ ሳይታሰብ ነው የተረፈው። ስለ እንዲህ ያለ ሰው የሚነሣው መከራከሪያ፣ ክሩ ትራፊ ቢሆንም ሰዓቱና የዓይኑ ብርሃን ትራፊ አይደሉም የሚል ነው፤ መልካም መከራከሪያ ነው፤ ነገር ግን ያ ሰዓት ማንን እንደ ጠቀመ በቅንነት መጠየቅ ይገባል። ሁለት መርፌ ይዞ ክርን በክር ሲያቆላልፍ የሚያመሽ ሰው የተበተነ ሐሳቡ ይሰበሰባል፣ ኀዘንተኛው ይጽናናል፣ ጡረተኛው ቀኑ ያጥርለታል። ይህን የግብፅ ገዳማት አባቶች ከማንም ቀድመው አውቀውታል። ታላቁ አባ እንጦንስ በበረሓ ስልቹነት በጸናበት ጊዜ፣ እርሱን የሚመስል ሰው አንድ ጊዜ ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ሲጸልይ እንዳየ፣ እርሱም ሊያስተምረው የተላከ መልአክ እንደ ነበረ ተጽፏል፤ ተግባረ እድ ከጸሎት የማይለይ የመነኮሳት ሥርዓት ሆኖ የቆየውም እንዲህ ባለው ትምህርት ነው። የእነዚህን መነኮሳት ሥርዓት የጻፈው ዮሐንስ ካስያን ደግሞ አባ ጳውሎስ ስለሚባል መነኩሴ ይተርካል፤ ይህ አባት ከከተማ የሰባት ቀን መንገድ ርቆ ይኖር ስለ ነበር፣ የእጁን ሥራ ወደ ገበያ ቢያወጣ የማጓጓዣው ኪራይ ከሽያጩ ይበልጥበት ነበር፤ ቢሆንም የዘንባባ ቅጠል እየሰበሰበ በየዕለቱ ለራሱ የወሰነውን ያህል ይሠራ፣ ዋሻው በዓመቱ ሲሞላም ሁሉን በእሳት አቃጥሎ እንደ ገና ይጀምር ነበር። እኔ ይህን መነኩሴ የማደንቀው ስለ ትዕግሥቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ሐቀኝነቱ ጭምር ነው፤ ለነፍሱ የሠራውን ለነፍሱ እንደ ሠራ ያውቅ ነበርና፣ ያንን ክምር በግመል ጭኖ ወደ አንዲት መበለት ደጅ በመላክ «ምጽዋቴን ተቀበዪ» አላላትም። ከእኛ ዘመን ደጋጎች አንዳንዶቹ ይህን አይለዩም፤ መጽናናትን ለራሳቸው ወስደው፣ ምስጋናን ደግሞ ከተቀባዩ ይሻሉ።

የተቀባዩ ነገር ምን ያህል እንደሚረሳ ለማየት እ.ኤ.አ. የ1914ን የጦርነት ወራት ማስታወስ ይበቃል። ጦርነቱ እንደ ተነሣ በንግሥት ሜሪ ስም የሚጠራው የልብስ ስፌት ማኅበር የእንግሊዝን ሴቶች ለወታደሮችና ለችግረኞች እንዲሰፉና ሹራብ እንዲሠሩ በጠራ ጊዜ፣ ከባላባቷ እስከ ተማሪዪቱ ድረስ መርፌ ያላነሣች አልተገኘችም፤ በዚያው ሰሞን ግን የልብስ ንግድ ቀዝቅዞ በስፌት የሚኖሩ እጅግ ብዙ ደመወዝተኛ ሴቶች ከሥራ ወጥተው ነበር። የሠራተኛ ሴቶች ማኅበር መሪ የነበረችው ሜሪ ማካርተር፣ እመቤቶቹ በነጻ የሚሠሩት ልብስ የድኃዋን እንጀራ እየነጠቀ መሆኑን ሳትፈራ ተናገረች። ንግሥቲቱም ሴትዮዋን አስጠርታ ሰማቻት፤ ከሥራ ለወጡት ሴቶች ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ የሚያስገኝ የርዳታ ገንዘብም በስሟ ተቋቋመ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የጦር ሚኒስትሩ ሎርድ ኪችነር 300,000 ጥንድ ካልሲና 300,000 የሱፍ መቀነት ለሠራዊቱ በጠየቀ ጊዜ አገሩ ሁሉ እንደ ገና ለሥራ ተነሣ፤ እኔ ግን የንግሥቲቱን ትሩፋት የማየው በዚህ ሁሉ የካልሲ ብዛት ላይ ሳይሆን፣ የምትወቅሳትን ሴት ተቀብላ በመስማቷ ላይ ነው። በነገራችን ላይ የካልሲን ጫፍ ያለ ጉርባጭ የሚዘጋው ስልት እስከ ዛሬ በኪችነር ስም ይጠራል። ቀኑን ሙሉ በእግሩ ለሚጓዝ ወታደር ጣቱን የሚልጥ ካልሲ የላከችለት እመቤት ፍቅሯ ምንም ቢበዛ፣ ለእርሱ የደረሰው ቁስሉ ነው።

ወደ ሳቅ የሚያደላ ሌላ ምሳሌም አለ፤ በአውስትራሊያ ፊሊፕ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2001 የፈሰሰ ነዳጅ 438 ትንንሽ ፔንግዊኖችን በበከለ ጊዜ፣ ወፎቹ ላባቸውን ሲያበጥሩ መርዙን እንዳይውጡ፣ እስኪታጠቡ ድረስ የሱፍ ሹራብ ለበሱ፤ በኋለኞቹ ዓመታት ከየአገሩ የጎረፈው ሹራብ ግን ከወፎቹ እጅግ ስለ በዛ፣ የተረፈውን ለአሻንጉሊት ፔንግዊን እያለበሱ ለጥበቃው ሥራ ገንዘብ ማግኛ ሸጡት።

ተቀባዮቿን ያልረሳች ሴት ግን ነበረች፤ በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ በሞተች ጊዜ፣ መበለቶቹ ወደ ሐዋርያው ጴጥሮስ ቀርበው እያለቀሱ ያሳዩት ከእነርሱ ጋራ ሳለች የሠራችላቸውን ልብስ ነበር። ጨርቁ አዲስ ይሁን ትራፊ ወንጌላዊው ሉቃስ አልጻፈልንም፤ አብራቸው እንደ ኖረች ግን ጻፈልን። እኔም የምፈርደው በዚሁ ነው፤ ክሩ ትራፊ ቢሆን አያረክሰውም፣ አዲስ ቢሆንም አያጸድቀውም፤ ምጽዋት የሚሆነው በሚለብሰው ሰው ልክ ሲሠራ ነው።

ይህም ልክ በአራስ ሕፃናት ዘንድ እጅግ ይጠብቃል። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ራሱ ከቀረው ሰውነቱ ጋራ ሲመዛዘን ትልቅ ስለ ሆነ፣ ባዶ ከተተወ ብዙ ሙቀት በዚያ በኩል ይወጣበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በቦጎታ ኤድጋር ሬይ የተባለ ሐኪም የጀመረው፣ ዛሬ በእኛም ሆስፒታሎች የሚሠራበት፣ ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ የማቆየት ሕክምናም ከሽንት ጨርቅና ከካልሲ ጋራ ቆብ ያስፈልገዋል። ለዚህ ቆብ እፍኝ የማይሞላ ክር ይበቃል፤ ነገር ግን ለባና የተመሰገነው የመንዝ በግ ጠጉር ለእንዲህ ያለ ገላ ይሻክራል፤ ሰፊ ቆብም ወደ ዓይንና ወደ አፍንጫ ይወርዳል። በቤትዎ ትራፊ ክር ያለዎት አንባቢ ሆይ፣ መርፌዎን ከማንሣትዎ በፊት በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ሄደው፣ የአራስ ሕፃናት ክፍል ነርስ ስንት ቆብ፣ በምን ያህል ስፋት፣ ከምን ዓይነት ክር እንደምትሻ ይጠይቁአት፤ ቆብ አያስፈልገንም ብትልዎም አይቀየሙ፤ የሚያስፈልጋትን ጠይቀው ያንኑ ይውሰዱላት።