የባሕሩ ዳር የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ከሩቅ አገር የመጣ አይደለም። ከወረታ ወደ ምዕራብ ወርደን፥ የርብና የጉማራ ወንዞች ከጣና ጋር በሚገናኙበት በፎገራ ሜዳ ዳር የሚነሣ የጎረቤቶች ጠብ ነው። አንዱ «ታንኳዬን የማሳርፍበትን ቦታ አረስክብኝ» ይላል፤ ሌላው «በዘራሁት ላይ ታንኳ ጎተትክብኝ» ይላል። ለሰሚ ጥቂት ነገር ይመስላል። ነገር ግን በአገራችን በድንበር ምክንያት ስንት ወንድማማች እንደ ተለያየ፥ በስንት ቤት መካከል ደም እንደ ገባ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ጠቡን ለመረዳት አስቀድሞ የባሕሩን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ጣና በክረምት ዝናብና በወንዞቹ ውኃ ይሞላና በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፤ ከዚያም እየቀነሰ ሄዶ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል። የፎገራ ምድር እንደ ገበታ የተዘረጋ ሜዳ ስለ ሆነ ውኃው በቁመት ጥቂት ሲወርድ በስፋት ብዙ መሬት ይለቃል። ይህም መሬት ባሕር ሸሽ ይባላል። እርጥበቱ ቶሎ ስለማይለቀው ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፤ ከብት ይሰማራበታል፤ ታንኳም ያርፍበታል።

የደንገል ታንኳ እንደ ብረት ጀልባ ውኃ ላይ ታስሮ የሚሰነብት አይደለም። ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ውሎ ካደረም ይበሰብሳል። ስለዚህ ባለ ታንኳው ከባሕር ሲመለስ ወደ ደረቅ ምድር ጎትቶ ማድረቅ አለበት። እንግዲህ ገበሬው እስከ ውኃው አፍ ድረስ ሲያርስ ከጎረቤቱ የሚወስድበት መተላለፊያውን ብቻ አይደለም፤ ታንኳውን ራሱን ነው። ባለ ታንኳውም በቡቃያ ላይ ሲጎትት የጎረቤቱን የዓመት እንጀራ ይረግጣል። ሁለቱም ለልጆቻቸው ጉርሻ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። ጠቡን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው።

የመሬት ጥበትም ነገሩን አባብሶታል። የፎገራ ሜዳ ድሮ ውኃ የሚተኛበትና በስሙ የሚጠራው የፎገራ ከብት የሚሰማራበት ነበር። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ሩዝ ገብቶ ሲስፋፋ ግን ማንም የማይፈልገው ረግረግ ሁሉም የሚፈልገው ማሳ ሆነ። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ ከዚያ ወዲህ የባሕሩ ከፍታ በዝናብ ብቻ ሳይሆን በሰው እጅም የሚወሰን ሆነ። በ1995 ዓ.ም. በሰኔ ውኃው እጅግ ዝቅ ብሎ መርከቦች ለአራት ወር ያህል ከጉዞ ታገዱ፤ ብዙ የደንገል ቦታ ጠፋ፤ አራሹም የተገለጠውን መሬት ተከትሎ ገባ። ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራን አጥለቀለቁ፤ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብም ከቤቱ ተፈናቀለ። ባሕሩ «ሸሸ» ሲባል ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ታዲያ በዚህ ምድር ላይ ችካል ተክሎ «ለዘላለም የእኔ ነው» የሚል ሰው ማንን ተማምኖ ነው? ቅዱስ ዳዊት በመዝሙር 23 ምድርም በውስጥዋ ያለውም ሁሉ የእግዚአብሔር መሆኑን ሲነግረን፥ ምክንያቱን የሚያሳየው ከባሕሩ ላይ ነው፤ በውኃ ላይ ያጸናት እርሱ ነውና። ለኢዮብም በምዕራፍ 38 የቀረበለት ጥያቄ ለባሕር በርና መወርወሪያ ያበጀለት ማን ነው የሚል ነበር። ስለዚህ በባሕሩ ዳር ያለን ሁላችን እንግዶች ነን። ባለቤቱ አንድ ነው፤ እኛ የምንካሰሰው በእርሱ ግቢ ውስጥ ነው።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 27 የባልንጀራውን ድንበር የሚያፈልስ ሰው ተረግሟል። እዚያ ላይ ልብ የማንለው አንድ ነገር አለ፤ በእርግማኑ ላይ አሜን እንዲል የታዘዘው ሕዝቡ ሁሉ ነው። ድንበር የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሕዝቡ ሁሉ ለምን አሜን ይላል?

በደጋው ማሳ ላይ የድንበር ድንጋይ አለ። በባሕር ሸሽ ላይ ግን ድንጋይ ቢተከል ደለል ይውጠዋል፤ ችካል ቢተከል ማዕበል ይነቅለዋል። በየክረምቱ ውኃው ሲመለስ ምልክቱን ሁሉ አጥፍቶ ይሄዳል። ታዲያ ድንበሩ ክረምቱን የት ይከርማል? በሰዎች ልብና በሰዎች ቃል ውስጥ ነው። አምና ታንኳው የት ያርፍ እንደ ነበር፥ ከብቱ ለውኃ በየት ይወርድ እንደ ነበር የሚያውቁ ጎረቤቶች ናቸው። ስለዚህ በባሕር ዳር ድንበር የሚገፋው በሞፈር ከመገፋቱ በፊት በምላስ ነው። በሽማግሌ ፊት ቆሞ «እዚህ ታንኳ ቆሞ አያውቅም» ብሎ የሚዋሽ ሰው የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎአል። እውነቱን እያወቀ «ምን አገባኝ፥ ከሰው ያጣላኛል» ብሎ ዝም ያለውም ድንጋዩን አብሮ ተሸክሞአል።

አባታችን አብርሃም እረኞቹ ከሎጥ እረኞች ጋር በተጣሉ ጊዜ ታላቅ ሆኖ ሳለ ታናሹን አስቀድሞ አስመረጠ። ይስሐቅም በጌራራ ያስቈፈራቸውን ሁለት የውኃ ጕድጓዶች ጠበኞች ሲከራከሩበት ትቶላቸው ሄደ፤ ሦስተኛው ላይ የሚከራከረው አጣ፤ በኋላም ያባረሩት ሰዎች ራሳቸው መጥተው በመሐላ ታረቁት (ዘፍ. 13 እና 26)። «እንዲህ ከሆነ ደካማው ሁልጊዜ ይልቀቅ ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ናቡቴ የአባቶቹን ርስት ለንጉሥ አልሰጥም ባለ ጊዜ እግዚአብሔር የፈረደው በአክዓብ ላይ እንጂ በናቡቴ ላይ አይደለም። ልብ በሉ፤ አብርሃም የለቀቀው በራሱ ፈቃድ ነው፤ የለቀቀውም ጉልበት ያለው እርሱ ነው። መልቀቅ ለኃይለኛው የተሰጠ ትእዛዝ እንጂ ኃይለኛው በደካማው ላይ የሚጭነው ዕዳ አይደለም።

ይህንን ስንል የነገደ ወይጦ ወገኖቻችንን ማስታወስ ይገባናል። በጣና ዳር ደንገል አጭደው ታንኳ በመሥራትና ዓሣ በማጥመድ ለብዙ ዘመን የኖሩ ናቸው፤ ብዙ ሰው ግን ሲንቃቸው ኖሯል። ደንገሉ ሲታረስ የእነርሱ ማሳ ታረሰ ማለት ነው። ጌታ ባልንጀራህን ውደድ ሲል ማዕድ የምንቈርሰውን ብቻ ለይቶ አልነገረንም።

አሁን ወደ ሌላ ባሕር ዳር እንሂድ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በጌንሳሬጥ ዳር ሁለት ታንኳዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ጌታችን ከሁለቱ አንዲቱን፥ የስምዖንን መረጠ፤ ከምድር ጥቂት እንዲያርቃትም ባለቤቱን ለመነው። ባሕሩን የፈጠረ ጌታ የታንኳውን ባለቤት ለመነ! እኛ ግን በጎረቤታችን መተላለፊያ ላይ በሬ ስንጠምድ ማንን ለመንን? ቀጥሎም መረቡ በዓሣ ብዛት ሊቀደድ በደረሰ ጊዜ ስምዖንና አብረውት የነበሩት በሌላው ታንኳ ያሉትን ጠሩ፤ እነርሱም መጡ፤ ሁለቱም ታንኳዎች ሞሉ። እስኪ አስቡ፤ እነዚህ ሰዎች በዋዜማው በታንኳ ማቆሚያ ተጣልተው አድረው ቢሆን ኖሮ ስምዖን ማንን ይጠራ ነበር? የጌታ በረከት ለአንድ ታንኳ በዝቶ ነበር፤ በጎረቤት ግን ተያዘ።

በእኛም ዘንድ ይህ ታይቷል። እምቦጭ በጣና ላይ ሲንሰራፋ የገበሬውንም የባለ ታንኳውንም ዳር ሳይለይ ዘጋው። በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት ለዘመቻ የወጣው ሕዝብ ውኃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲነቅል «ይህ የአንተ ወሰን ነው፥ ይህ የእኔ ነው» ብሎ አልተካፈለም። ለአረም አንድ መሆን ከቻልን ለሰላም እንዴት ያቅተናል?

እንግዲህ ወጣቶች ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ በሌሊት ለሚደረግ ድንበር ገፊነት ጉልበታችንን አናበድር። በሬ ጠምዶ የሚወጣው፥ ዱላ ይዞ የሚቆመው ወጣቱ ነውና። ቤተሰብ ቢያዝዘን በትሕትና «አባባ፥ ይቅርብን፤ ሽማግሌ እንጥራና እንነጋገር» እንበል። አባትን ማክበር ከኃጢአት መመለስንም ይጨምራል።

ሁለተኛ፥ ውኃው መሸሽ ሲጀምር፥ ዘር ሳይበተን በፊት፥ ሽማግሌዎችና የነፍስ አባቶች ባሉበት የታንኳው ማረፊያና የከብቱ መውረጃ ይወሰን። ፊደል የቈጠራችሁት ውኃ ከማይደርስበት ምልክት፥ ከትልቅ ሾላ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጀምራችሁ በገመድ ለክታችሁ ጻፉት፤ ለሁለቱም ወገን አንድ አንድ ግልባጭ ስጡ። ክረምት የማያጠፋው ድንበር ይኸው ነው።

ሦስተኛ፥ የተጣላን ካለን መባችንን በመሠዊያው ፊት ትተን አስቀድመን እንታረቅ፤ ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ያዘዘን ይህንን ነው። በከተማ የምንኖርም ነጻ አይደለንም፤ የወረታ አጥርና የጣራ ፍሳሽም እንደ ባሕር ሸሹ ያጣላል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ቤት ሲቃጠል፥ ታንኳ ሲገለበጥ አስቀድሞ የሚደርሰው በድንበር የተጣላነው ያ ሰው ነው።

ወንድሞችና እህቶች! ባሕሩ በየዓመቱ መጥቶ የተከልነውን ችካል ይወስዳል። የተናገርነውን ቃል ግን አይወስደውም፤ እርሱ በእግዚአብሔር ፊት ተጽፎ ይቆየናል። በዚያ ቀን የምንጠየቀው ስንት እርምጃ መሬት እንደ ጨመርን ሳይሆን፥ ጎረቤታችን በአጠገባችን በሰላም ማረፍ ችሎ እንደ ሆነ ነው።

ማዕበሉን የገሠጸ አምላክ በልባችን ያለውን ጠብ ይገሥጽልን፤ የተጣሉትን ያስታርቅልን፤ አገራችንንና ባሕራችንን ይባርክልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።