አሮጌ ቀፎና አዲስ ንብ

ሰው አሮጌ ዕቃ በእጁ ሲገባ ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። አንደኛው አሮጌ ስለ ሆነ ብቻ አይረባም ብሎ መናቅ ነው፤ ሁለተኛው አሮጌ ስለ ሆነ ብቻ የተከበረ ነው ብሎ በሣጥን ቈልፎ ማኖር ነው። እኔ በመምህርነት በኖርሁበት ዘመን ሁሉ፣ ሁለቱም ስሕተት መሆናቸውን ለተማሪዎቼ እነግራቸው ነበር። ነገር ግን መናገርና ማድረግ የተለያዩ ናቸውና፣ ፈተናው በራሴ ላይ በደረሰ ጊዜ ወደቅሁ። ወጣቶች ሆይ፣ የወደቅሁበትን ጉድጓድ አይታችሁ እንድታልፉት ነገሩን እንደ ሆነ እነግራችኋለሁ።

ታናሽ ወንድሜ በስደት ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ በዋሽንግተን ከተማ በመኪና ማቆሚያ ሌሊት ሌሊት እየሠራ አንድ ልጁን አሳደገ። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1989 ኒንቴንዶ የሚባለውን የቴሌቪዥን መጫወቻ ለልጁ ገዛለት። ወንድሜ በ2014 ዐረፈ። እኔ በ2022 ዘመድ ለመጠየቅ በሄድሁ ጊዜ፣ ያ መጫወቻ ከምድር በታች ባለው ክፍል በካርቶን ተቀምጦ ነበር። የወንድሜ የልጅ ልጅ የ15 ዓመት ጐረምሳ ነው። የመጫወቻውን ሆድ ዕቃ አውጥቶ በቀፎው ውስጥ የሚሠራ ኮምፒዩተር ሊያበጅ ፈለገ። አባቱ ግን «የአባቴ መታሰቢያ ነው፤ እንዳትነካው» አለው። ልጁም «በካርቶን የተቀበረ ነገር ምን መታሰቢያ ይሆናል?» ሲል መለሰ። አባትና ልጅ በዚህ ተኳርፈው ሰነበቱና፣ እንደ አገራችን ልማድ ነገሩን ሽማግሌ ይየው ተብሎ ወደ እኔ መጣ።

ፍርዴን ከመናገሬ በፊት ዕቃው ምን እንደ ሆነ ልግለጽ። ይህ መጫወቻ በ1983 በጃፓን አገር ሲወጣ ስሙ ፋሚኮም ነበር፤ ይኸውም የቤተሰብ ኮምፒዩተር ማለት ነው። በ1984 የፊደል መምቻ ገበታ ወጥቶለት የጃፓን ልጆች ፕሮግራም መጻፍ ይማሩበት ነበር። በ1985 ወደ አሜሪካ ሲገባ ግን፣ የዚያ አገር ነጋዴዎች ከ1983 ኪሣራ የተነሣ የቴሌቪዥን ጨዋታ የሚባል ነገር መሸጥ ፈርተው ነበርና፣ ኩባንያው መልኩን ለውጦ ካሴቱ በፊት ለፊት በር የሚገባበት የቪዲዮ ማጫወቻ አስመሰለው። የሥራ ማኅደሩ 2,048 ባይት ብቻ ነው፤ አሁን የምታነቡት ይህ ጽሑፍ እንኳ ተጠቃሎ አይገባበትም። ልጁ ሊተካበት የፈለገው ራስበሪ ፓይ የሚባለው የእንግሊዝ አገር ኮምፒዩተር ነው። በ2019 የወጣው አራተኛው ዓይነት፣ ቁመቱ 85፣ ወርዱ 56 ሚሊሜትር የሆነ፣ በመዳፍ የሚያዝ ሰሌዳ ነው። ልጁ የገዛው 4 ጊጋባይት ማኅደር አለው፤ ይህም የአሮጌውን ከሁለት ሚሊዮን ጊዜ በላይ ያጥፋል።

የወንድሜ ልጅ ክርክሩን እንዲህ ሲል አቀረበ፦ «ጋሼ፣ ውጭው አንድ፣ ውስጡ ሌላ የሆነ ነገር ውሸት አይደለም ወይ? እንግዳ ሲመጣ የአባቴ ስጦታ ይመስለዋል፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው።»

ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሰውን በውጭ መልኩ አምነን በውስጡ የተታለልን ብዙዎች ነን። ነገር ግን እንዲህ ስል መለስሁለት፦ «ይህ ቀፎ እኮ ከመጀመሪያውም ውስጡን የሚገልጽ አልነበረም፤ መጫወቻ ሆኖ ሳለ ቪዲዮ ማጫወቻ መስሎ የመጣ ነው። ኩባንያውም ራሱ በ2016 የዚህን ቀፎ ትንሽ አምሳያ ሠርቶ፣ በውስጡ አዲስ ኮምፒዩተርና 30 ጨዋታዎች አድርጎ ሸጦታል። ንብ የለቀቀው ቀፎ አዲስ ንብ ቢገባበት፣ ገበሬው ቀፎዬ ዋሸኝ አይልም። የሚዋሸው አፍ ነው እንጂ ቀፎ አይዋሽም። ልጁ የሠራውን ሳይደብቅ ከተናገረ ማንንም አላታለለም።»

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ትክክል ነው፤ ዛሬም አልክደውም። ስሕተቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

«እስቲ ይሠራ እንደ ሆነ ክፈቱት» አልሁ። ልጁ ካሴት አግብቶ ቢጫነው፣ ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች እንጂ በቴሌቪዥኑ ላይ ምንም አልወጣም። እኔም «እንግዲህ ሞቷል። የሞተ ነገር ቀፎ አያስፈልገውም፤ ልጁ ይሥራበት» ብዬ ፈረድሁ። የወንድሜ ልጅ «እርስዎ ካሉ ጋሼ» ብሎ ደረጃውን ወጣ። እኔም ዝምታውን እንደ ፈቃድ ቈጠርሁት።

በማግሥቱ ልጁ ብሎኖቹን ፈትቶ አሮጌውን ሰሌዳ አወጣ፤ ለአዲሱ መደላድል የከለከሉትን የፕላስቲክ ምሰሶዎችም በፒንሳ ቈረጠ። የእጅ ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነኝ። ማታ ሲሆን በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ መምህራችን የሚነግሩን ትዝ አለኝ፤ ዕቃ ከመፍታታችሁ በፊት ሕመሙን ዕወቁ ይሉን ነበር። ስለዚህ ዘግይቼም ቢሆን «መብራቷ ለምን ነበር የምትርገበገበው?» ብዬ ጠየቅሁት።

ልጁ አንብቦ ምክንያቱን አገኘ። በመሣሪያው ውስጥ እንደ ዘበኛ የሆነች አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች፤ በካሴቱም ውስጥ ጓደኛዋ አለች። ሁለቱ በምስጢር ቃል ይነጋገራሉ። ዘበኛዋ መልስ ያጣች እንደ ሆነ፣ በየሴኮንዱ ያህል መሣሪያውን ከእንደገና ታስጀምረዋለች፤ መብራቷም ብልጭ ድርግም የምትለው ስለዚህ ነው። ንግግሩን ብዙ ጊዜ የሚያቋርጠው ካሴቱ የሚሰካባቸው 72 መርፌዎች መቈሸሽና መጉበጥ ነው። እኛም መርፌዎቹን በአልኮል ጠርገን፣ የጐበጡትን አቃንተን፣ ሰሌዳውን ራቁቱን በጠረጴዛ ላይ ከአሮጌ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘነው። መብራቷ ጸንታ በራች፤ ሙዚቃውም ተሰማ።

የወንድሜ ልጅ ሙዚቃውን ሰምቶ ወረደ። ብዙ ጊዜ ቆሞ ካየ በኋላ «እዚህ አገር ስመጣ እንግሊዝኛ አላውቅም ነበር፤ የሚያናግረኝም ልጅ አልነበረም። አባባ ይህን ከገዛልኝ በኋላ የሰፈሩ ልጆች ሊጫወቱ መጡ። ጓደኛ ያገኘሁት በዚህ ነው» አለ። ከፍርዴ በፊት ይህን አልጠየቅሁትም ነበር።

ወጣቶች ሆይ፣ ጥፋቴ ሁለት ነው። ውጭን አይቶ ውስጥን መገመት ስሕተት መሆኑን ሳስተምር ኖሬ፣ አንዲት መብራት አይቼ ሞት ፈረድሁ። ደግሞም ዕቃው ይሠራል ወይ ብዬ ጠየቅሁ እንጂ፣ ለባለቤቱ ምን ሠርቶለት እንደ ነበር አልጠየቅሁም። ለታናሽ «ይቅር በለኝ» ማለት ለሽማግሌ ከባድ ነው፤ ቢሆንም አልሁት። «ኧረ ይተዉ ጋሼ» አለኝ። የተቈረጡት ምሰሶዎች ግን ተመልሰው አልበቀሉም።

ልጁ ኮምፒዩተሩን ጨርሶ የትምህርት ቤት ሥራውን ይሠራበታል፤ የአሮጌውንም ሰሌዳ በጣውላ ላይ አሳርፎ ከመደርደሪያ አኑሮታል። እኔ ሳላዝዘው ከቀፎው ሥር ወረቀት ለጠፈ፦ «ቀፎው የአያቴ ስጦታ ነው፤ ውስጡን እኔ ሠራሁት፤ የቀድሞው ሰሌዳ በመደርደሪያው ላይ አለ፤ ይሠራል።» አባቱን «ስታየው ደስ ይልሃል ወይስ ታዝናለህ?» ብለው «ሁለቱም» አለኝ።

በተወለድሁበት አገር አስተዋይ ገበሬ፣ ቀፎ ባዶ ነው ቢሉት እንኳ፣ ከማውረዱ በፊት በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ጆሮውን ያስጠጋል። እናንተም ነገ ቤት፣ መሥሪያ ቤት፣ ልማድና ሕግ ትወርሳላችሁ። አንዳንዱ በእውነት ባዶ ነው፤ ባዶ ከሆነ አትፍሩ፣ አዲስ ሥራ አግቡበት፤ የሠራችሁትንም ሳትደብቁ ተናገሩ። ነገር ግን ፒንሳ ከማንሣታችሁ በፊት አንኳኩ፤ በውስጡ የኖረውንም ሰው ጠይቁ። ጠይቃችሁም ዝም ቢላችሁ፣ ዝምታውን እንደ ፈቃድ አትቍጠሩት።