የቀብርህን ወጪ አስቀድመህ ቍጠር

አንባቢ ሆይ፤ ሰው ለሠርግ ዓመት ሙሉ ይሰናዳል፤ ለመንገድ ስንቅ ይቋጥራል፤ ክረምት ሳይገባ ጣራውን ያድሳል። ከሁሉ ይልቅ እርግጥ ለሆነው ለሞቱ ቀን ግን አንድ ብር ስንኳ ለይቶ የሚያኖር ጥቂት ነው። ስለዚህም ነገር ቢጠየቅ «ሟርት ነው» ብሎ ይቈጣል። ነገር ግን ስንቅ መቋጠር መንገዱን እንደማያቀርበው፥ እንዲሁ ከፈን ማሰናዳት ሞትን አይጠራም።

አብርሃም ሣራ በሞተችበት ጊዜ፥ ኬጢያዊው ኤፍሮን መሬቱን በነጻ ልስጥህ ቢለው፥ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ (ዘፍ. 23)። የጌታችን ሥጋ ያረፈበትም መቃብር የአርማትያሱ ዮሴፍ ለራሱ ያዘጋጀው ነበረ (ማቴ. 27)። አስቀድሞ ስላሰናዳ፥ በዚያ በመሸ ቀን ለጌታው የሚሰጠው አገኘ። ሳምናስ ግን ለክብሩ ብሎ በከፍታ ላይ መቃብር ቢያስወቅር፥ ነቢዩ ገሠጸው (ኢሳ. 22)። እንግዲህ የተነቀፈው ትዕቢት ነው እንጂ ማሰናዳት አይደለም።

በከተማችን የሚሆነውን ተመልከት። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ለቀስተኛ ይሰበሰባል። ይህ መልካም ነው፤ ከሚያዝኑ ጋር ማዘን ታዘናልና። ከዚያ በኋላ ግን ሠልስት፥ አርባ፥ ሙት ዓመት ሲባል፥ ባልቴቲቱ «ሰው ምን ይለኛል» በማለት የልብስ ስፌት መኪናዋን ትሸጣለች፤ ወይም በአራጣ ትበደራለች። የበላው እንግዳ በማግሥቱ ይረሳዋል፤ ዕዳው ግን ልጁን ከትምህርት ቤት ያስወጣዋል። ልጆቹን ለማሳደግ ዕድሜውን ሙሉ የደከመውን አባት፥ የልጆቹን እንጀራ በመብላት ማክበር ምን ዓይነት ክብር ነው?

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። አንደኛ፤ ለከፈን፥ ለሣጥን፥ ለመቃብር፥ ለለቀስተኛም ምግብ የሚበቃውን ዋጋ ጠይቀህ ጻፍ። ሁለተኛ፤ እድር ካለህ መዋጮህን ሳታጓድል ክፈል፤ እድሩ የሚሰጠውንና የማይሰጠውን እወቅ፤ የጎደለውንም በጥቂት በጥቂቱ ለይተህ አኑር። ሦስተኛ፤ ዕዳህን ዘርዝረህ ክፈል፤ የሠራተኛው ደመወዝ ሳይከፈል በተዋበ ሣጥን መጋደም ምን ይጠቅማል? አራተኛ፤ ከአቅም ያለፈ ድግስ እንዳይደረግ በኑዛዜህ እዘዝ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ወዲያው ሊፈረምበት ይገባል። ቃልህ ለሚስትህ ጋሻ ይሆናታል፤ ጎረቤት ቢያማት «እርሱ ራሱ አዟል» ትላለችና።

«እኔ ድሀ ነኝ፤ ከዕለት እንጀራ የሚተርፈኝ የለም» ትል ይሆናል። ወዳጄ ሆይ፤ ይህ ምክር ይልቁን ለአንተ ነው። ባለጠጋ ቢሳሳት ከትርፉ ይጐድልበታል፤ የድሀ ቤት ግን በአንድ ድግስ ይፈርሳል። ብር ባይኖርህ ቃል አለህ፤ «በልኬ ቅበሩኝ፤ ስለ እኔ አትበደሩ» ማለት ገንዘብ አይጠይቅም።

ይህን ሁሉ ካደረግህ በኋላ አንድ ነገር ይቀርሃል። የነፍስህን ዋጋ በእድር መዋጮ ልትከፍለው አትችልም፤ እርሱን ክርስቶስ በደሙ ከፍሎታልና። ስለዚህ ዛሬ በንስሐና በእምነት ወደ እርሱ ቅረብ። ለሬሳህ ሸማ አሰናድተህ፥ ነፍስህን ዕራቍቷን አትተዋት።