ባቡርና አውሮፕላን፤ መቸኰል ለማን ይገባል?

ከሁሩታ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ መንገደኛ ሁለት ምርጫ አለው፤ ይኸውም ወደ አዳማ ወርዶ በባቡር መሄድ፥ ወይም አዳማን አልፎ እስከ አዲስ አበባ ወጥቶ በአውሮፕላን መብረር ነው። አውሮፕላኑ በአየር ላይ የሚቈየው አንድ ሰዓት ያህል ነው። መንገደኛው ግን አስቀድሞ ወደ ኋላው መጓዙን፥ ተፈትሾም መጠበቁን ከመንገዱ አይቈጥረውም።

ምድር ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም የተመሠረተው በ1938 ዓ.ም. ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ የአገራችንም ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከወንዝ ውሃ የሚገኝ ነው። አውሮፕላን ግን ነዳጅ አቃጥሎ ጢሱን በሰማይ ይተዋል። በራሪውም ዋጋውን ሁሉ በቲኬቱ የከፈለ ይመስለዋል፤ የቀረውን የሚከፍለው ግን ዝናሙ የሚዛባበት ገበሬ ነው።

እንግዲያስ መቸኰል ሁሉ ነውር ነውን? አይደለም። አባቱ በጣር ላይ ያለ ልጅ ይብረር፤ የሚፈርድበት የለም። የሚወቀሰው፥ ባቡሩ የሚነሣበትን ቀን አስቀድሞ ጠይቆ መሰናዳት ሲችል፥ ቀኑን በስንፍና አሳልፎ የስንፍናውን ዕዳ በሌላው ላይ የሚጥል ነው። ጉዳዩ ያስቸኰለውና ስንፍናው ያስቸኰለው ሰው በአውሮፕላን ውስጥ ጎን ለጎን ቢቀመጡም፥ መንገዳቸው አንድ አይደለም።