«ደህና ነኝ» ስለሚል ደብዳቤ

«ከናፍቆታችሁ በቀር እኔ ደህና ነኝ።» በአማርኛ ደብዳቤ መጻፍ የለመደ ሁሉ ይህን አባባል ያውቀዋል። የሰላምታ ሥርዐት ነውና እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብሎ የሚመረምረው የለም። ነገር ግን ጸሐፊው ባሕር ተሻግሮ በጦር ግንባር ያለ ወታደር፣ ተቀባይዋም እናቱ በሆነች ጊዜ ያው የተለመደ ሰላምታ ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያስነሣል። ትናንት ጓዱን የቀበረ፣ ነገ ለማጥቃት እንዲሰለፍ የታዘዘ ሰው ዛሬ «ደህና ነኝ» ቢል ዋሸ እንበለውን?

በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል ወደ ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ባሕሩን ለማቋረጥ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጅቶበታል። በዚያ ዘመን አብዛኛው ባላገር ማንበብና መጻፍ አያውቅም ነበርና፣ ደብዳቤ ቤት ቢደርስም ለወላጅ የሚያነበው የሰፈር ተማሪ ወይም ቄስ ነበር። እንግዲህ ወታደሩ የሚጽፈው ለእናቱ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤትም ጆሮ ነው። ፍርሃቱን በማን አፍ ይናዘዝ?

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ነፍሰ ገዳይ የሚያሳድደውን ወዳጅ ለማዳን እንኳ መዋሸት አይገባም ሲል ተከራክሯል። ይህን የመሰለ ጥብቅ ሕግ ምሽግ ውስጥ ጉልበቱ ላይ ወረቀት ዘርግቶ በሚጽፍ ወታደር ላይ መጫን የፍርድ ጉድለት ይመስለኛል። በሌላ በኩል «ለእናቱ አዝኖ ነው» ብሎ ማለፍም ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ራሱ ግን ያጠራጥራል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር በፈረንሳይ ለሚዋጉ ወታደሮቹ ዓረፍተ ነገሮች አስቀድመው የታተሙበት ፖስታ ካርድ ያድል ነበር። ወታደሩ የማይፈልገውን ይሰርዛል፤ ቀኑንና ፊርማውን ያኖራል። ከዚያ በላይ አንድ ቃል ቢጨምር ካርዱ እንደሚወድም በዚያው ላይ ተጽፏል። «ደህና ነኝ» የሚል አለ፤ ቆስሎ ሆስፒታል መግባቱንና እየተሻለው መሆኑን የሚገልጽም አለ። እየባሰበት መሆኑን የሚገልጽ ግን የለም። ጦሩ የሰፈረበትን ስፍራ መሸሸግ በእርግጥ ተገቢ ነው፤ የአንድ ቁስል መባስ ግን ለጠላት ምን ይጠቅመዋል? ወታደሩ ራሱ መርጦ ዝም ሲል ዝምታው የፍቅሩ ነው። ታትሞ የተሰጠው ዝምታ ግን የእርሱ አይደለም፤ ፊርማው ብቻ ነው የእርሱ።

ባለቅኔው ዊልፍሬድ ኦወን ለዚህ መላ አግኝቶ ነበር። በካርዱ ላይ ወደ ደጀን መላኩን የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር በሁለት መስመር ከሰረዘው፣ ዳግመኛ ግንባር መግባቱን እናቱ እንድታውቅ ተስማሙ። ሆኖም ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1918 ከአንድ ምድር ቤት በጻፈላት የመጨረሻ ደብዳቤ፣ ካለበት ስፍራ አደጋ እንደሌለ ነገራት፤ ቢኖርም ደብዳቤው እስኪደርሳት ያልፋል አለ። ኖቬምበር 4 ቀን ተገደለ። የሞቱ ቴሌግራም ለወላጆቹ የደረሰው ተኩሱ በቆመበት በኖቬምበር 11 ቀን ነው። ዋሽቷታልን? አይመስለኝም። የደብዳቤ እውነት የተጻፈበት ሰዓት እውነት ነው፤ እናት ግን የምታነበው በሌላ ሰዓት ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ልጇ የት እንዳለ ታውቅ ዘንድ አስቀድሞ በር ከፍቶላታል።

በእኛም አገር መራር እውነትን ማዘግየት የታወቀ ሥርዐት አለው። መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ዘመድ አዝማድ እስኪሰበሰብ ይሸሸጋል፣ ከዚያም ማልደው ሄደው ያረዳሉ። ይህን ውሸት የሚለው የለም፤ እውነቱ የዘገየው ሐዘንተኛዋ የምትደገፍበት ትከሻ እስኪገኝ ነውና። የወታደሩም «ደህና ነኝ» በዚሁ ሚዛን ይመዘን ባይ ነኝ። አንድ ወንድም ወይም አንድ አብሮ አደግ እውነቱን ተጽፎለት ከእናትየዋ ጎን ካለ፣ የወታደሩ ዝምታ የመርዶን ሥርዐት ይመስላል። ማንም ካላወቀ ግን እናት ሳትዘጋጅ፣ ልጅም ሸክሙን ሳያካፍል ይቀራሉ፤ ይህ እርሷን መጠበቅ ሳይሆን ከእርሷ መለየት ነው።

በኮሪያ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወድቀዋል። ከሩቅ ግንባር የሚላክ ደብዳቤ ደግሞ ከመርዶው በኋላ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለው ደብዳቤ በእጁ የገባ ጎረቤት፣ ልስጣት ወይስ ልሸሽገው ብሎ መጨነቁ አይቀርም። ይስጣት እላለሁ፤ ልጇ በሕይወት ሳለ ለእርሷ ያለው ነውና የሌላ የማንም አይደለም። ማንበብ የማትችል እንደሆነም፣ የሚያነብላት ሰው ከቃሉ አንዳች ሳይቀንስ፣ «ደህና ነኝ» የሚለውንም ሳይዘል ያንብብላት።