ጧሪ ሳይሆኑ ቀባሪ ስለ መሆን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እግዚአብሔር በሲና ተራራ ለሙሴ ከሰጣቸው ዐሥር ቃላት መካከል አባትንና እናትን ስለ ማክበር የተነገረው ትእዛዝ ልዩ ስፍራ አለው። አምላክን ስለ ማምለክ ከተነገሩት ትእዛዛት ቀጥሎ፣ ባልንጀራን ስለ አለመበደል ከተነገሩት ሁሉ በፊት ተጽፎ ይገኛል (ዘጸ. 20፥12)። ቅዱስ ጳውሎስም ለኤፌሶን ምእመናን ሲጽፍ፣ ከትእዛዛቱ ሁሉ አስቀድሞ ተስፋ የታሰረበት ይህ መሆኑን ያስገነዝባል (ኤፌ. 6፥2)። ስለዚህ ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ተሰብኳል፤ ሕፃናትም ገና ፊደል ሲቈጥሩ ያውቁታል። ነገር ግን ማክበር የተባለው ነገር በእጅ ሥራ ምን ሆኖ እንደሚገለጥ ካልተመረመረ፣ ትእዛዙ በአፍ ይነገራል እንጂ በቤት ውስጥ አይኖርም።

ሕዝባችን የወላጅንና የልጅን ነገር በሁለት ቃላት ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል። ልጅ ለወለደ ሰው «ጧሪ ቀባሪ ያድርግልህ» ብሎ ይመርቃል፤ ልጅ ለሌለውም «ጧሪ ቀባሪ የለው» ብሎ ያዝናል። የቃላቱን ተራ ልብ እንበል፤ መጦር ይቀድማል፣ መቅበር ይከተላል። ጦረ የተባለው ያማርኛ ቃልም ከግእዙ ጾረ ጋር ዘሩ አንድ ነው፤ ጾረ ማለት ተሸከመ ማለት ነውና። እናት ልጇን በማኅፀንዋ ስትሸከም ጾረት ይባላል፤ ልጅም አድጎ እናቱን በእርጅናዋ ዘመን ሲደግፍ ጦረ ይባላል። እንግዲህ በአንድ ቃል ሁለት ሸክም ተነገረ፤ የመጀመሪያውን ወላጅ ተሸከመ፣ ሁለተኛውን ልጅ ሊሸከም ተራው ደረሰው። መንግሥት ላረጀ ሠራተኛ የሚከፍለውን ገንዘብ ጡረታ ያልነውም ከዚሁ ቃል አውጥተን ነው።

በዘመናችን ግን ይህ ተራ ተገልብጦ ይታያል። እንዲህ ያለው ነገር በየአጥቢያው አይታጣም፦ አንዲት እናት በጠባብ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች፤ ጎረቤት ቡና ሲያፈላ ይጠራታል፣ እንጀራ ሲጋገር ይቈርስላታል። ልጆችዋ በከተማው አሉ፤ በበዓል ቀን ይመጡና ሳይቀመጡ ይሄዳሉ። ዕለተ ሞትዋ ሲደርስ ግን ትልቅ ድንኳን ይተከላል፣ ሰንጋ ይጣላል፣ ፎቶግራፍዋ በትልቁ ታትሞ ይቆማል። በአርባዋም ተዝካርዋ ሲወጣ ሕዝቡ በልቶ ይተርፋል። በሕይወት ሳለች አንድ ማሰሮ ወተት ያላገኘች እናት፣ ከሞተች በኋላ ስለ ስምዋ መቶ ሰው ጠግቦ ይሄዳል። ይህ ጧሪ ሳይሆኑ ቀባሪ መሆን ነው።

ማንም በዚህ እንዳይሰናከል አስቀድመን እንግለጥ። ሙታንን በጸሎት፣ በቍርባንና በምጽዋት ማሰብ የቤተ ክርስቲያናችን የጸና ሥርዓት ነው፤ ሠልስቱም፣ አርባውም፣ ዓመቱም በከንቱ አልተሠሩም። የምንነቅፈው ተዝካሩን አይደለም። የምንነቅፈው በሕይወት ሳለች ለእናት የሚገባውን እንጀራ አስቀርቶ፣ ከሞተች በኋላ በሰው ፊት መክፈልን ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ባለ ዕዳውን በቁመቱ ሲያስርብ ኖሮ በመቃብሩ ላይ ገንዘብ ቢበትን፣ ዕዳውን ከፈለ አይባልም።

በዚህ ነገር ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የተናገረው ተግሣጽ እጅግ ያስፈራል። ጻፎችና ፈሪሳውያን፣ ሰው ለአባቱና ለእናቱ ሊረዳበት የሚገባውን ገንዘብ «ቍርባን» ብሎ ለመቅደስ ከተሳለ፣ ወላጆቹን ከመርዳት ነጻ ነው እያሉ ያስተምሩ ነበር። በዚህ ስፍራ ቍርባን የተባለው ለእግዚአብሔር የተለየ መባዕ ነው። ጌታችንም በወግ ምክንያት የእግዚአብሔርን ትእዛዝ የሻሩ መሆናቸውን ገልጦ ዘለፋቸው (ማር. 7፥9–13)። እናስተውል፤ ገንዘቡ ለኃጢአት አልዋለም፣ ለመቅደስ ነው የተሰጠው። ሆኖም ከእናት ጕሮሮ ተነጥቆ የመጣ በመሆኑ መባዕነቱ ቀርቶ በደል ሆነ። ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ጕልላት የሚያወጣ፣ የማኅበር ጽዋ በተራው የሚያዘጋጅ፣ ወደ ግሸንና ወደ ላሊበላ በየዓመቱ የሚጓዝ ምእመን በረከት ያገኛል፤ ነገር ግን ጉዞውን ከመጀመሩ በፊት የእናቱን መሶብ ከፍቶ ይመልከት።

አሁን በምንኖርባት በአቃቂ ቃሊቲ ይህ ነገር በተለየ መልክ ይገኛል። አቃቂ የሠራተኛ አገር ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሐዲዱ ያለፈው በአቃቂ በኩል ነው፤ ከዚያም በኋላ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በአካባቢው ተተከሉ። ከየገጠሩ የመጣው ጐልማሳ በፈረቃ እየሠራ ልጆቹን አሳደገ፤ ሚስቱም ጉልት ተቀምጣ ሽንኩርት እየሸጠች፣ ለሰው እንጀራ እየጋገረች፣ ደመወዙ ያላዳረሰውን ቀዳዳ ሞላች። ዛሬ እነዚያ ሰዎች አርጅተዋል። የመንግሥት ሠራተኛ የነበረው ጡረታ አለው፤ የግል ድርጅት ሠራተኛም በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ወደ ጡረታ ሥርዓት እንዲገባ ሆኗል። ጉልት የተቀመጠችውን እናት ግን የትኛው መዝገብ ጻፋት? ከምድጃ ፊት ጭስ እየጠጣች ዐይንዋን ያጣችበት ዘመን የአገልግሎት ዘመን ተብሎ አልተቈጠረላትም። የእርስዋ የጡረታ ደብተር ልጆችዋ ናቸው።

ሁለተኛም፣ በገላን፣ በቱሉ ዲምቱና በቂሊንጦ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው ብዙ ሕዝብ ከመሀል ከተማ ወጥቶ ሰፍሮባቸዋል። ለብዙ ድሀ ቤት ማግኘት ታላቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ሕንፃዎች ከምድር በላይ አራት ፎቅ ሲሆኑ አሳንሰር የላቸውም፤ ዕጣው ከላይ የወደቀባት አሮጊት እናት ከደረጃው ብዛት የተነሣ እስረኛ ሆና ትቀመጣለች። የቅዳሴውን ደወል በመስኮት ትሰማለች፤ ወርዳ መሳለም ግን አይቻላትም። የቀድሞው ጎረቤትም ከመሀል ከተማ አልተከተላትም። ለእንዲህ ያለች እናት በየወሩ ገንዘብ መላክ ብቻ አይበቃትም። እሑድ ማለዳ መጥቶ፣ በጀርባው አዝሎ፣ ደረጃውን አውርዶ ወደ ቅዳሴ የሚያደርሳት ልጅ ያስፈልጋታል። ጾረ የሚለው ቃል ትርጓሜው በዚያ ደረጃ ላይ ይታወቃል።

ጧሪና ቀባሪ በተራው የሆነ ሰው ማየት የሚወድ ቢኖር የዮሴፍን ታሪክ ያንብብ። ዮሴፍ በግብፅ ከፈርዖን ቀጥሎ በተሾመ ጊዜ አባቱን በእረኛነቱ አላፈረበትም፤ ሠረገላ ልኮ አስመጣው፣ በፈርዖንም ፊት አቆመው፣ በጌሤም ምድር አኖረው፣ በራቡም ዘመን እርሱንና ቤተ ሰቡን እንደ ቍጥራቸው መገበ (ዘፍ. 47፥12)። ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ባረፈ ጊዜ 70 ቀን ተለቀሰለት፣ ልጆቹም ወደ ከነዓን ወስደው እንደ ኑዛዜው ቀበሩት (ዘፍ. 50)። አስቀድሞ 17 ዓመት እንጀራ፣ ኋላ 70 ቀን ልቅሶ። የዮሴፍ ልቅሶ እውነተኛ የሆነው ከፊቱ 17 ዓመት ስላለ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን በቀራንዮ የተደረገው ነው። ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ፣ እጆቹ በተቸነከሩበት ሰዓት፣ የእናቱን ነገር አልረሳም። ለሚወደው ደቀ መዝሙር ለዮሐንስ አደራ ሰጣት፤ ዮሐንስም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት (ዮሐ. 19፥26–27)። ይህ አደራ በምሥጢሩ እመቤታችን ለእኛ ሁሉ እናት ሆና መሰጠትዋን ያመለክታል፤ ከምሥጢሩ ጋር ግን የቤት ሥራም አለበት። ዓለምን የማዳን ሥራ ሲፈጽም የነበረ አምላክ እናቱ የምታድርበትን ቤት ካሰበ፣ እኛ የትኛውን ታላቅ ሥራ ምክንያት አድርገን እንቀራለን?

ምክንያት የሚያቀርቡ ብዙዎች ስለሆኑ፣ ዋና ዋናዎቹን እንመልከት።

አንደኛው «አባቴ አላሳደገኝም፣ ጥሎኝ ሄዷል፤ እናቴም ለሰው ሰጥታኛለች» የሚል ነው። ይህ ቍስል ቀላል ስላይደለ በቸልታ አንለፈው። ሆኖም ትእዛዙ ደግ አባትንና ደግ እናትን ብቻ አክብር ብሎ አልተጻፈም። የኖኅ ልጆች ሴምና ያፌት አባታቸው በሰከረ ጊዜ ስካሩን አላመሰገኑለትም፤ ዕራቁቱን ግን ወደ ኋላ እየተራመዱ ሸፈኑለት (ዘፍ. 9፥23)። ማክበር ክፉውን ሥራ መልካም ነው ማለት አይደለም፤ ወላጅ ወደ ኃጢአት ቢያዝም መታዘዝ አይገባም። ነገር ግን የተራበ አባትን ማብላት ስለ በደሉ የሚከለከል ነገር አይደለም። እንዲያውም ሳይገባው የተጦረ አባት ንስሐ የሚገባበት በር የሚከፈትለት በልጁ እጅ ነው።

ሁለተኛው «ደመወዜ ለልጆቼ አይበቃም» የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። እግዚአብሔርም ከሌለው ላይ አይሻም፤ መበለቲቱ የጣለችው ሁለት ሳንቲም እንደ ብዙ ተቈጥሮላታል። ወንድሞችና እኅቶች ቢመካከሩ አንዱ ጤፉን፣ አንዱ መድኃኒቱን፣ ገንዘብ የሌለው ደግሞ ልብስ ማጠቡንና ማስታመሙን ሊይዝ ይችላል። የሚያሳዝነው የሌለው አለመስጠቱ ሳይሆን፣ አንዲት እኅት በቤይሩት ወይም በጂዳ በሰው ቤት እየደከመች ለእናትዋ የምትልከውን ሐዋላ፣ አገር ቤት ያለው ወንድም ለራሱ ጉዳይ ማዋሉ ነው። ይህ የእናትንም የእኅትንም ደም መጠጣት ነው።

ሦስተኛው «እናቴ ጃጅታለች፣ ያልኋትን ትረሳለች፣ ትነጫነጫለች» የሚል ነው። መጽሐፈ ሲራክ አባት አእምሮው ቢደክም እንኳ እንድንታገሠው እንጂ እንዳንንቀው ያስተምራል (ሲራ. 3፥12–13)። ሕፃን ሳለን አንዱን ጥያቄ ሃያ ጊዜ ስንጠይቃት ሃያ ጊዜ የመለሰችልን እናት፣ ዛሬ ያንኑ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ብትጠይቀን ፊታችንን ማጥቈር አይገባንም። ሕፃኑ ቂርቆስ እናቱ ኢየሉጣ ከሚፈላው የጋን ውሃ ድምፅ የተነሣ በደነገጠች ጊዜ አልነቀፋትም፤ ጸለየላት፣ አጸናትም። ሐምሌ 19 ቀን በቅዱስ ገብርኤል በዓል ይህን እያሰብን የምንዘምር ሁሉ፣ የደነገጠችና የደከመች እናት በቤታችን እንዳለች እናስብ።

ልጅ የሌላቸውንም አንርሳ። በአዲስ አበባ የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ጧሪ ያጡ ብዙ ሽማግሎችንና አሮጊቶችን ሰብስቦ ይረዳል። የክብር ዶክተር አበበች ጎበናም ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ በሄዱበት ጊዜ በድርቅ የተጐዳውን ሕዝብ አይተው፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ይዘው ተመለሱ፤ ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉም ድረስ ላልወለዷቸው ብዙ ልጆች እናት ሆነው ኖሩ። የእርሳቸው ጉዞ መባዕና ምሕረት የተገናኙበት ጉዞ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ቤቶች የተቋቋሙት ልጅ ለሌለው ነው፤ ልጅ ያለው ሰው እናቱን ወደዚያ ገፍቶ ዕዳውን በሌላው ትከሻ ላይ መጣል አይገባውም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንኳ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። ሕግ በዳኛ ፊት የሚያስገድደውን፣ ክርስቲያን ያለ ዳኛ በፍቅር ሊያደርገው ይገባዋል።

በመጨረሻም ነገሩን ወደ ራሳችን ወደ ካህናት እንመልሰው። ከእኛ ብዙዎቻችን ገና በልጅነታችን ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ደበሎ ለብሰን፣ አኮፋዳ ይዘን ወጣን። ወላጆቻችን የእርሻ ረዳታቸውን ለእግዚአብሔር ቃል ሰጥተው በናፍቆት ተቀመጡ። በየመንደሩም ስለ ማርያም ብለን በለመንን ጊዜ ቍራሽ የሰጡን፣ የማናውቃቸው እናቶች ናቸው። ዜማውን፣ ቅኔውን፣ ትርጓሜውን ያጠናነው በእነርሱ እንጀራ ነው። እንግዲህ በከተማ ደብር ተቀጥሮ የሚያገለግል ካህን፣ በገጠር ያለችውን እናቱን ሳይጠይቅ ስለ እናት ክብር ቢሰብክ፣ ስብከቱ ከከንፈሩ አያልፍም። እንደዚሁም በአጥቢያው በር ቆማ የምትለምን አሮጊት ስናይ፣ ቍራሽ ከሰጡን ከእነዚያ አንዲቱ ናት ብለን እንቍጠራት።

የንስሐ አባቶችም አንድ ነገር ልብ እንድትሉ ይሁን። የንስሐ ልጃችሁ ወደ እናንተ ሲመጣ ጾሙንና ስግደቱን ከጠየቃችሁ በኋላ፣ እናትህና አባትህ በሕይወት አሉን? ዛሬ ማን አበላቸው? ብላችሁ ጠይቁት። ቀኖናም ስትሰጡ፣ ወላጁን ለበደለ ሰው ከስግደቱ ጋር ወደ እናቱ ቤት መሄድን ጨምሩበት። የሰንበቴና የጽዋ ማኅበራት፣ ዕድሮችም፣ አባላቸው ሲሞት ድንኳን ለመትከል የሚፋጠኑትን ያህል፣ ሳይሞት በራበው ጊዜም ቢፋጠኑ መልካም ነው።

የተወደዳችሁ ሆይ፤ ሞት ቀን አይሰጥም። እናቱ በሕይወት ያለችለት ሰው ገና የሚከፍልበት ጊዜ በእጁ አለው፤ ዛሬ ይሂድ፣ ይጠይቃት፣ ያብላት፣ ምርቃትዋንም ይቀበል። እናቱ ያረፈችበት ደግሞ በጸሎትና በምጽዋት ያስባት፤ ለእርስዋ ሊያደርግላት የሚገባውንም ጧሪ ለሌላት ለአንዲት አሮጊት ያድርግላት። በዮሐንስ እጅ እናቱን ያስጠበቀ አምላክ እኛንም ጧሪዎች ያድርገን፤ ከጧሪነትም በኋላ በክብር የምንቀብር ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።